የዓለምን የኮምፒውተር አድራሻዎች በመዝገብ የያዙት ሰው

ሰው በስሙ ይጠራል፤ ማሳ በድንበሩ ይለያል፤ ቤት በቁጥሩ ይታወቃል። አንድ ማሳ በሁለት ሰዎች ስም ተመዝግቦ ሲገኝ ጎረቤት ከጎረቤት ይጣላል፤ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ነገሩም ከፍርድ ቤት ደጃፍ ይደርሳል። አንድ ቁጥር ለሁለት ቤቶች ሲሰጥም መልእክተኛ ግራ ተጋብቶ ከመንገድ ይቀራል። መዝገብ መያዝ ከሩቅ ሲያዩት የብዕርና የወረቀት ሥራ ብቻ ይመስላል፤ የብዙ ሰዎች ሰላም ግን በዚያ ብዕር ጫፍ ላይ ያርፋል።

ከእጃችን የማይለየው ስልክም ከዓለም ጋር የሚገናኘው በመዝገብ ነው። በተጂ ያለ የበቾ ሜዳ ገበሬ የጤፍን ዋጋ በኢንተርኔት ሲመለከት፣ በሰበታና በቡራዩ ያለ ሠራተኛ ለቤተሰቡ በስልኩ ገንዘብ ሲልክ፣ በሱሉልታ ያለ ተማሪ የፈተና ውጤቱን ሲያይ፣ የጠየቁት ነገር ወደ ሌላ ሰው ስልክ ሳይሄድ ተመልሶ ወደ እነርሱ የሚመጣው ጥያቄው የተነሣበትም ሆነ የሚደርስበት መሣሪያ በአድራሻ ስለሚለይ ነው። የእነዚህን አድራሻዎች የበላይ መዝገብ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ የያዙት፣ ዘውድ ያልጫኑ፣ ጦር ያላዘዙ፣ ሀብትም ያላከማቹ አንድ ሰው ነበሩ። እኒህ ሰው አሜሪካዊው ዶክተር ጆን ፖስተል ናቸው።

ሙሉ ስማቸው ጆናታን ብሩስ ፖስተል ሲሆን የተወለዱት ሐምሌ 30 ቀን 1935 ዓ.ም (ኦገስት 6 ቀን 1943 እ.አ.አ) በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት፣ አልታዲና በተባለች ከተማ ነው። በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያ ከፋሺስት ወረራ ከተላቀቀች ገና ሁለት ዓመቷ ነበር። ፖስተል ያደጉት በሎስ አንጀለስ አካባቢ ሲሆን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን የተከታተሉት በቫን ናይስ ትምህርት ቤት ነው። ከዚሁ ትምህርት ቤት ቪንት ሰርፍና ስቲቭ ክሮከር የተባሉ ሁለት ወጣቶችም ወጥተዋል። ሦስቱም ወደፊት በአንድ ሥራ ተገናኝተው ዓለምን የሚያስተሳስር መረብ እንደሚዘረጉ ያን ጊዜ ማንም አልገመተም።

ፖስተል ወደ ሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ገብተው በምሕንድስና በ1966 እ.አ.አ የመጀመሪያ፣ በ1968 ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን አገኙ። በ1974 በኮምፒውተር ሳይንስ የዶክትሬት ማዕረግ ተቀበሉ። የጥናታቸው ርእስ ኮምፒውተሮች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩባቸውን ደንቦች የሚመረምር ነበር። የሕይወት መንገዳቸው የተቀደደው ግን ዶክትሬቱን ከማግኘታቸው አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው።

በዘመኑ ኮምፒውተር ማለት አንድ ክፍል የሚሞላ፣ ዋጋው እጅግ የከበደ መሣሪያ ነበር። አንዱ የሚሠራውን ሌላው አያውቅም፤ አንዱ ካለበት ተነሥቶ ሌላውን መጠየቅ አይችልም። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የምርምር ክፍል እነዚህን ተራርቀው የተቀመጡ መሣሪያዎች በመስመር ለማገናኘት ገንዘብ መደበ፤ መረቡም አርፓኔት ተባለ። ጥቅምት 19 ቀን 1962 ዓ.ም (ኦክቶበር 29 ቀን 1969 እ.አ.አ) ከሎስ አንጀለሱ ዩኒቨርሲቲ ወደ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም የመጀመሪያው መልእክት ተላከ። ሁለት ፊደላት እንደደረሱም ተቀባዩ መሣሪያ ሥራውን አቆመ። ጉድለቱ ተስተካክሎ ሙከራው በዚያው ምሽት ተሳካ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ በመረቡ የተገናኙት አራት ተቋማት ብቻ ነበሩ። ወጣቱ ፖስተል በሎስ አንጀለሱ ቤተ ሙከራ ከሠሩት ተማሪዎች አንዱ ነበሩ።

ተማሪዎቹ ደንብ እንዲያወጡ እንጂ እንዲያዝዙ ሥልጣን የሰጣቸው አልነበረም። ስለዚህ ስቲቭ ክሮከር አንድ ብልኃት ፈጠሩ፤ የሚያስቡትን ሁሉ በአጭር ጽሑፍ እያዘጋጁ ለሌሎች ያሰራጩ ጀመር። ጽሑፎቹ እንደ ትእዛዝ ሳይሆን አስተያየት እንደሚለምኑ ማስታወሻዎች ተቆጠሩ። የወደደ ያርመዋል፤ የተሻለ ያለው ያቀርባል፤ ሁሉም የተስማሙበት ደንብ ይሆናል። ፖስተል የእነዚህ ማስታወሻዎች አርታኢ ሆኑ። ጽሑፎቹን ቁጥር እየሰጡ፣ ቃላቸውን እያቃኑ፣ ያልጠሩትን ለጸሐፊዎቻቸው እየመለሱ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ በዚህ አገልግሎት ቆዩ። ዛሬ ኢንተርኔት የሚተዳደርባቸው ዋና ዋና ደንቦች የሚገኙት በእነዚያ ማስታወሻዎች ውስጥ ነው።

ከዚሁ ሥራ ጎን ለጎን ሌላ ኃላፊነት ወደ ትከሻቸው መጣ። መረቡ እያደገ ሲሄድ ለየአገልግሎቱና ለየመሣሪያው ቁጥር መስጠት አስፈለገ፤ ሁለት ሰዎች ሳይተዋወቁ አንድን ቁጥር እንዳይወስዱ የሚመዘግብ ሰው ታጣ። በ1972 እ.አ.አ ፖስተል ይህን መዝገብ እንያዘው የሚል ሐሳብ አቀረቡ፤ መዝገቡም በእጃቸው ገባ። በመጀመሪያው ዘመን ቁጥሮቹን የሚጽፉት በተራ የማስታወሻ ደብተር ላይ እንደነበር ባልደረቦቻቸው ይተርካሉ። ቁጥር የፈለገ ይጠይቃቸዋል፤ እርሳቸው ያልተያዘውን ፈልገው ይሰጡታል፤ በደብተራቸውም ያሰፍሩታል። በመንደራችን የእድር ጸሐፊ የአባላቱን ስምና መዋጮ በደብተሩ እንደሚይዝና ቃሉ እንደሚታመን ሁሉ የፖስተልም ደብተር ታመነ። ጸሐፊው አድልዎ ቢያደርግ እድሩ እንደሚፈርስ ሁሉ፣ ፖስተልም አንድን ቁጥር ለሁለት ቢሰጡ ወይም ለወዳጃቸው ቢያደሉ ኖሮ መረቡ ባልጸና ነበር።

ፖስተል በልዩ ልዩ የምርምር ተቋማት ከሠሩ በኋላ በ1977 እ.አ.አ በሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሥር ወደሚገኘው የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ተቋም ገቡ፤ ከዚያም እስከ ኅልፈታቸው አልወጡም። መዝገቡም አብሯቸው ሄደ። ጆይስ ሬይኖልድስ የተባሉ ባልደረባቸው በዚህ ሥራ ለረጅም ዓመታት ረዷቸው።

በ1981 እ.አ.አ ፖስተል በአርታኢነት ካወጧቸው ሰነዶች መካከል የኢንተርኔት ፕሮቶኮል፣ በአጭሩ አይፒ የሚባለው ደንብ ይገኝበታል። አሳቡን ያመነጩት ቪንት ሰርፍና ሮበርት ካን ናቸው፤ ፖስተል ደግሞ ማንም መሐንዲስ አንብቦ ሊሠራበት በሚችል ግልጽ ቋንቋ አሰናዱት። ደንቡ እያንዳንዱ መሣሪያ በነጥብ የተለዩ አራት ቁጥሮች ያሉት አድራሻ እንዲኖረው ያደርጋል። አራቱም ቁጥሮች ከዜሮ እስከ 255 ባለው ውስጥ ናቸው። የአድራሻው የፊተኛው ክፍል መሣሪያው ያለበትን መረብ፣ የኋለኛው ክፍል ደግሞ በዚያ መረብ ውስጥ ያለውን አንዱን መሣሪያ ያመለክታል። በእኛ አገር ልማድ ብንመስለው የፊተኛው ወረዳውና ቀበሌው ነው፤ የኋለኛው የቤቱ ቁጥር ነው።

መልእክቱስ እንዴት ይደርሳል? አንድ ሰው ከተጂ ወደ ደብረ ማርቆስ ዕቃ ይልካል እንበል። ዕቃውን በተጂ ለተሳፈረ ሰው ይሰጣል፤ በሰበታ በኩል አዲስ አበባ ይገባል፤ ከአዲስ አበባ በሱሉልታ መንገድ ወደ ጎጃም በሚወጣ አውቶቡስ ይጫናል፤ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ሲደርስ ቤቱን የሚያውቅ ሰው ይቀበለዋል። የተጂው ተሳፋሪ የደብረ ማርቆሱን ቤት ማወቅ አይጠበቅበትም፤ ወደ አዲስ አበባ መሄድ እንዳለበት ማወቁ ይበቃዋል። በየመናኸሪያው ያለው ሰውም አድራሻውን አይቶ ቀጣዩን መኪና ብቻ ይመርጣል። በኢንተርኔትም እንዲሁ ነው። በየመንገዱ ያሉት ራውተር የተባሉ መሣሪያዎች የእሽጉን አድራሻ እያነበቡ ወደ ቀጣዩ ጣቢያ ያስተላልፉታል። መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያውቅ አንድም ጣቢያ የለም፤ እሽጉ ግን ይደርሳል።

አንድ ፎቶግራፍ ወይም አንድ ደብዳቤ ሲላክም እንዳለ አይጫንም። በትናንሽ እሽጎች ይከፋፈላል፤ በእያንዳንዱ እሽግ ላይ የላኪውና የተቀባዩ አድራሻ ይጻፋል፤ ተራ ቁጥርም ይሰጠዋል። አንዱ በአንድ መንገድ ሌላው በሌላ መንገድ ሊሄድ ይችላል። ተቀባዩ መሣሪያ ሁሉንም በተራቸው ይሰበስባል፤ የጎደለ ካለ ደግሞ እንደገና እንዲላክለት ያደርጋል። ስልካችን ላይ ምስል ቀስ እያለ ሲከፈት የምናየው መዘግየት አንዳንድ ጊዜ ከመንገድ የቀሩትን እሽጎች እንደገና ከመጠበቅ የሚመጣ ነው።

አርፓኔት ከአሮጌው ደንብ ወደ አዲሱ የተሻገረው ታኅሣሥ 23 ቀን 1975 ዓ.ም (ጃንዋሪ 1 ቀን 1983 እ.አ.አ) ነው። የመሻገሪያውን እቅድ ጽፈው ያሰራጩት ፖስተል ነበሩ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1982 ኢሜይል ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላው የሚተላለፍበትን ደንብም አሰናድተዋል። ዛሬ ከአንድ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው የሚላክ ኢሜይል በየመንገዱ የሚከተለው ሥርዓት ከዚያ ጽሑፍ የተወረሰ ነው።

የቁጥር አድራሻ ለመሣሪያ ይመቻል እንጂ ለሰው አይመችም። ሰው ቁጥርን ይረሳል፤ ስምን ግን ያስታውሳል። ስለዚህ በመጀመሪያው ዘመን የየኮምፒውተሩ ስምና ቁጥር በአንድ ረጅም ዝርዝር ተጽፎ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ይቀመጥ ነበር፤ ሁሉም ዝርዝሩን ከዚያ እየቀዳ ይወስዳል። መረቡ ሲሰፋ ግን ዝርዝሩ ከእጅ በላይ ሆነ። ፖስተል የሥራ ባልደረባቸው የነበሩት ፖል ሞካፔትሪስ መፍትሔ እንዲፈልጉ አደረጉ፤ ሞካፔትሪስም በ1983 እ.አ.አ የስሞችን ሥርዓት ፈጠሩ።

ይህን ሥርዓት ለመረዳት ኢትዮጵያዊ ከማንም ይልቅ ይቀርበዋል። እኛ ሰውን የምንለየው በስሙ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው። በአንድ ከተማ ብዙ አበበ ይኖራል፤ የማን ልጅ፣ የማን የልጅ ልጅ መባሉ ግን አንዱን ከሌላው ይለየዋል። የኢንተርኔት ስምም በነጥብ እየተለየ ከትንሹ ወደ ትልቁ ይሄዳል፤ መጀመሪያ የመሣሪያው፣ ቀጥሎ የተቋሙ፣ በመጨረሻም የአገሩ ስም ይመጣል። ፈላጊው የሚጠይቀው ግን ከኋላ ጀምሮ ነው። ከሁሉ በላይ ያለው ሥር መዝገብ የአገሩን መዝገብ ያዥ ያመለክታል፤ የአገሩ መዝገብ ያዥ ተቋሙን ያመለክታል፤ ተቋሙም ቁጥሩን ይናገራል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ነው። ከእንግዲህ አንድ ሰው ሁሉንም ስም መያዝ አላስፈለገውም፤ አያት ልጆቹን፣ አባትም ልጆቹን ያውቃል።

የየአገሩ ስም ምን ይሁን የሚለው ጥያቄ ቀላል አልነበረም። አገር ተብሎ የሚታወቀው ማን ነው፣ የማይታወቀውስ ማን ነው የሚለው ክርክር መንግሥታትን ያጣላል፤ ጦርም ያማዝዛል። ፖስተል በዚህ ክርክር ውስጥ አልገቡም። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ለየአገሩ ባለ ሁለት ፊደል ምልክት ያወጣበት ዝርዝር ስለነበረ እርሱን እንዳለ ወሰዱ። በ1994 እ.አ.አ ባወጡት ጽሑፍም አገር የሆነውንና ያልሆነውን መወሰን የእርሳቸው ሥራ እንዳልሆነ ገለጡ። የአንድን አገር ስም የሚይዝ ሰው ወይም ተቋም የአደራ ጠባቂ እንጂ ባለቤት እንዳልሆነ፣ ለአገሩ ሕዝብና ለመላው የኢንተርኔት ማኅበረሰብ ግዴታ እንዳለበትም በዚያው ጽሑፍ አስቀመጡ።

በዚህ አግባብ ኢትዮጵያም ድርሻዋን አገኘች። ኢቲ የሚሉት ሁለት የላቲን ፊደላት በ1988 ዓ.ም መባቻ (በ1995 እ.አ.አ) የኢትዮጵያ መጠሪያ ሆነው በሥር መዝገቡ ሰፈሩ። ኃያላኑ አገሮች ሁለት ፊደል ሲያገኙ የኢትዮጵያም ሁለት ፊደል ነው፤ አንዱ ከሌላው አይረዝምም፤ አንዱ ከሌላው አይቀድምም። በዚያ መዝገብ ላይ ሀብታምና ድኻ በአንድ መስመር ቆመዋል።

አገራችን ግን ከሩቅ ጋር መነጋገር የጀመረችው ከኢንተርኔት ጋር አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የስልክ ሽቦ አዲስ አበባን ከሐረር አገናኝቷል። በ1979 እ.አ.አ ደግሞ በሱሉልታ የሳተላይት የምድር ጣቢያ ተመርቆ የስልክ ድምፅና የቴሌቪዥን ምስል በሰማይ በኩል ከዓለም ጋር መለዋወጥ ተቻለ። በእንጦጦ ማዶ በሱሉልታ ሜዳ ላይ ፊቱን ወደ ሰማይ አቅንቶ የቆመው ያ ጣቢያ የዘመኑ ድንቅ ሥራ ነበር። ኢንተርኔት ለሕዝብ አገልግሎት መስጠት የጀመረው በኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን አማካይነት በ1989 ዓ.ም (በ1997 እ.አ.አ መጀመሪያ) ነው። በዚያን ጊዜ መስመሩን ያገኙት ጥቂት መሥሪያ ቤቶችና ግለሰቦች ነበሩ፤ የሚገለገሉትም በስልክ መስመር ላይ በተገጠመ ሞደም ነበር። የበላዩን መዝገብ የያዙት አሁንም ፖስተል ነበሩ።

ዛሬ በገበሬው ኪስ ያለው ስልክ ሁለት ዓይነት ቁጥር እንዳለው ብዙዎቻችን ልብ አንልም። አንዱ በሲም ካርዱ ያለው፣ ሰዎች የሚደውሉበት የስልክ ቁጥር ነው፤ እርሱ ከባለቤቱ ጋር ይኖራል። ሌላው የኢንተርኔት አድራሻ ነው፤ እርሱ ግን ስልኩ ከመረቡ ጋር በተገናኘ ጊዜ በውሰት የሚሰጥና ሲለያይ የሚመለስ ነው። ጠዋት የተሰጠው አድራሻ ማታ ለሌላ ሰው ስልክ ሊሆን ይችላል። አድራሻ ባነሰበት ጊዜም ብዙ ስልኮች አንዱን በጋራ ይጠቀማሉ። ይህም በአንድ መሥሪያ ቤት ያሉ ሠራተኞች ሁሉ በአንድ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ደብዳቤ እንደሚቀበሉ ያለ ነው፤ ደብዳቤው ሣጥኑ ውስጥ ከገባ በኋላ ለየባለቤቱ የሚያድለው የውስጥ መዝገብ ያዥ ነው። የቴሌኮም ድርጅቱ መሣሪያዎች ይህንኑ የማደል ሥራ በየሰከንዱ ይሠራሉ።

ፖስተል በጠባያቸው ዝምተኛና ገር ነበሩ። ረጅም ጢማቸውንና ጸጉራቸውን አጎፍረው፣ በክፍት ጫማ ይመላለሱ ነበር። ከከተማ ወጥተው በካሊፎርኒያ ተራሮች ላይ በእግር መጓዝ ይወዱ ነበር። በጽሑፎቻቸው ያኖሩት አንድ የታወቀ መርሕ አለ፤ መሣሪያ ለሌላው በሚልከው ላይ ጥንቁቅ፣ ከሌላው በሚቀበለው ላይ ደግሞ ቻይ ይሁን የሚል ነው። ይህ መርሕ ለኮምፒውተር የተጻፈ ቢሆንም የሰውዬውን የራሳቸውን አኗኗር የሚገልጥ ነበር።

ይሁን እንጂ በእርሳቸው የመጨረሻ ዓመታት ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። የተመራማሪዎች መገናኛ የነበረው መረብ የንግድ አደባባይ ሆነ። ስም መሸጥ ትልቅ ገቢ አስገኘ፤ በክፍያ ስም የሚመዘግብ ኩባንያ፣ መንግሥታትና ነጋዴዎች በመዝገቡ ላይ ዓይናቸውን ጣሉ። የበላዩ መዝገብ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ተነሣ። ይከፍል የነበረው የአሜሪካ መንግሥት የእኔ ነው አለ፤ መሐንዲሶቹ ግን የመላው ዓለም የጋራ ሀብት እንደሆነ ያምኑ ነበር።

ጥር 20 ቀን 1990 ዓ.ም (ጃንዋሪ 28 ቀን 1998 እ.አ.አ) ፖስተል የዓለምን የስም ሥር መዝገብ ቅጂ ከሚይዙት 12 ረዳት ሰርቨሮች የ8ቱን ኃላፊዎች በኢሜይል ጠየቁ፤ መዝገቡን ከኩባንያው ሰርቨር መቅዳት ትተው ከእርሳቸው ተቋም ሰርቨር እንዲቀዱ። ስምንቱም ያለ ክርክር ፈጸሙ። አንድም ተጠቃሚ ለውጡን አላስተዋለም፤ ኢንተርኔት እንደ ወትሮው ሠራ። ዋሽንግተን ግን ተደናገጠች። አንድ ሰው በአንድ ደብዳቤ የዓለምን መረብ ሥር ማዛወር እንደሚችል በዚያ ቀን ታየ። ከመንግሥት በኩል ጠንካራ ተቃውሞ ሲመጣ ፖስተል ድርጊቱ ሙከራ እንደነበረ ገልጠው በሳምንት ገደማ ውስጥ ሁሉንም ወደ ነበረበት መለሱ።

ይህ ክስተት እስከ ዛሬ ያከራክራል። አንዳንዶች ፖስተል ከሥልጣናቸው አልፈው ሄዱ ይላሉ። ሌሎች ደግሞ መረቡ የማንም የግል ርስት አለመሆኑን በተግባር አሳዩ ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች ግን በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ስምንቱ ኃላፊዎች የታዘዙት ሕግ ስላስገደዳቸው አልነበረም። ለዓመታት ሳያዳላ መዝገብ የያዘ ሰው ስለ ጠየቃቸው ነው። የፖስተል ኃይል ያ መታመን ነበር። ድካሙም በዚያው ውስጥ ነበር፤ በአንድ ሰው ላይ የተመሠረተ መታመን ከዚያ ሰው ጋር ያልፋልና።

ይህን ፖስተል ራሳቸው ያውቁ ነበር። ስለዚህ መዝገቡ ከአንድ ሰው እጅ ወጥቶ ወደ ተቋም እንዲሻገር በዚያው ዓመት ደከሙ። መስከረም 20 ቀን 1991 ዓ.ም (ሴፕቴምበር 30 ቀን 1998 እ.አ.አ) አይካን የተባለው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት በካሊፎርኒያ በሕግ ተመሠረተ፤ የቁጥሮችንና የስሞችን የበላይ መዝገብ እንዲረከብም ታሰበ። ርክክቡ ሲጠናቀቅ ለማየት ግን ፖስተል ዕድሜ አልሰጣቸውም። የልባቸው ሕመም ጸንቶባቸው ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ ከዚያ በተከተለው ችግር ጥቅምት 6 ቀን 1991 ዓ.ም (ኦክቶበር 16 ቀን 1998 እ.አ.አ) በ55 ዓመታቸው በሎስ አንጀለስ ዐረፉ። ድርጅቱ ከተመሠረተ ገና 16 ቀኑ ነበር። የልጅነት ትምህርት ቤታቸው ፍሬ የሆኑት ቪንት ሰርፍ የኅልፈታቸውን መታሰቢያ የጻፉት ፖስተል ለዓመታት ባረሙት የማስታወሻ ተርታ ውስጥ፣ ቁጥር ተሰጥቶት ነው።

ከእርሳቸው በኋላ መዝገቡ አልጠፋም። አይካን የበላዩን ያዘ፤ ከእርሱ በታች ለየአህጉሩ አምስት መዝገብ ያዥ ተቋማት አሉ። ለአፍሪካ አድራሻ የሚያድለው አፍሪኒክ መቀመጫውን በሞሪሺየስ አድርጎ በ2005 እ.አ.አ ሙሉ እውቅና አገኘ። ከዚያ በፊት የአፍሪካ አገሮች አድራሻ የሚያገኙት ከሌሎች አህጉራት መዝገብ ያዦች ነበር። የኢንተርኔት ማኅበር በፖስተል ስም ሽልማት አቋቁሞ በየዓመቱ ይሰጣል፤ በ2007 እ.አ.አ የተቀበሉት ለአፍሪካ ኢንተርኔት ብዙ የደከሙት ጋናዊው ፕሮፌሰር ኒይ ኳይኖር ናቸው።

ፖስተል ያሰናዱት የአድራሻ ደንብ በጠቅላላው 4,294,967,296 አድራሻዎችን ያስገኛል። ደንቡ ሲወጣ በዓለም ላይ የነበረው ሕዝብ አራት ቢሊዮን ተኩል ያህል፣ በመረቡ የተገናኙት ኮምፒውተሮች ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠሩ ስለነበሩ ይህ ቁጥር የማያልቅ መስሎ ነበር። ነገር ግን ስልኩ፣ ቴሌቪዥኑ፣ የደኅንነት ካሜራውና ሌላውም ሁሉ አድራሻ ጠያቂ ሆነ። ጥር 26 ቀን 2003 ዓ.ም (ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2011 እ.አ.አ) የበላዩ መዝገብ የመጨረሻዎቹን አምስት ክምችቶች ለአምስቱ አህጉራዊ ተቋማት አንድ አንድ አድርጎ አካፈለ፤ ጎተራውም ባዶ ሆነ። ከዚያ በኋላ በእጅ ያለውን በቁጠባ መጠቀም ግድ ነው።

መድኃኒቱ ቀደም ብሎ ተዘጋጅቶ ነበር። አዲሱ የአድራሻ ሥርዓት አራት እጥፍ የሚረዝም ሲሆን የሚያስገኘው የአድራሻ ብዛት ከ34 ቀጥሎ 37 ዜሮዎች የሚጻፉበት ቁጥር ነው። ለእያንዳንዱ የጤፍ ቅንጣት አንድ አንድ አድራሻ ብንሰጥ እንኳ አያልቅም። አሮጌውና አዲሱ ግን በቀጥታ ስለማይግባቡ በሁለቱም መሥራት የሚችል መሣሪያ፣ ወጪና የሠለጠነ ባለሙያ ያስፈልጋል። ስለዚህ ዓለም ቀስ በቀስ እየተሻገረ ነው፤ ድኻ አገሮች ደግሞ አንዱን አድራሻ ለብዙዎች እያካፈሉ ይሠራሉ።

የጆን ፖስተል ሕይወት የጦር ጀግንነት ወይም የዙፋን ታሪክ የለበትም። በአንድ ጠባብ ቢሮ ውስጥ ቁጥር ሲሰጡ፣ ስም ሲመዘግቡና የሰዎችን ጽሑፍ ሲያርሙ ኖሩ። ነገር ግን አንድን ቁጥር ለሁለት ባለመስጠታቸው፣ ትልቁን ከትንሹ ባለማስበለጣቸው፣ በአደራ የተቀበሉትንም ንብረቴ ባለማለታቸው ቢሊዮኖች የሚተላለፉበት መንገድ ጸና። የእድር ደብተር የያዘ፣ የማሳ ድንበር የሚመዘግብ፣ የቀበሌ ማኅደር የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ሥራው ከእርሳቸው ሥራ ጋር አንድ ዓይነት ነው። መዝገቡ እውነት ሲሆን ጎረቤት ከጎረቤት ይኖራል፤ መልእክተኛም ቤቱን አይስትም።